«ስንት መተኛት ቀረኝ?»

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከቱሉ ዲምቱ ነው። ረዘም ያለ ስለሆነ አሳጥሬዋለሁ። ቃሉ ግን የጸሐፊዋ ነው።

«ይድረስ ለእትዬ። ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ሴቷ ልጄ 13 ዓመቷ ነው፤ ትንሹ 6። ሴቷ ከ9 ዓመቷ ጀምሮ ክረምት በመጣ ቁጥር ሰፈራችን ያለ አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ በሚከፈት ካምፕ ትውላለች። ጠዋት 2፡30 ገብታ 9 ሰዓት ትወጣለች። ሥዕል አለ፣ ቴኳንዶ አለ፣ ውዝዋዜ አለ፣ ችግኝ ተከላ አለ። ገና ሰኔ ሳይጋመስ «እማ፣ ስንት መተኛት ቀረኝ?» እያለች ታደክመኝ ነበር። የመጀመሪያው ክረምት የተከለቻት ግራቪሊያ አሁን ከእኔ ቁመት በልጣለች።

ዘንድሮ ግን ችግር መጣ። ካምፑ የሚቀበለው እስከ 12 ዓመት ነው። ይህን ስትሰማ አለቀሰች። ኋላ አስተባባሪዋ ጠርታኝ «ረዳት ሆና ትምጣ፤ ትንንሾቹን ትያዝልን፤ እናንተም ግማሽ ክፍያ ብቻ ትከፍላላችሁ» አለችኝ። ልጄ ከደስታዋ ብዛት ያን ቀን እራቷንም አልበላች። ባለቤቴ ግን አልተስማማም። መስከረም ላይ 8ኛ ክፍል ትገባለች። «የሚኒስትሪ ተፈታኝ ሆና የሰው ልጅ ስትጠብቅ ልትከርም ነው? ያውም ከፍለን! ቱቶሪያል ትግባ» ይላል። ቆይቶ ደግሞ «እሺ ትሂድ፤ ግን ወንድሟን ትጠብቅ» አለ። ትንሹ ዘንድሮ ነው የሚጀምረው።

እኔ መሐል ቤት ቆሜያለሁ። አንድ ነገር ልጨምር። ድሮ ከካምፕ ስትመጣ ጫማዋን ሳታወልቅ ነበር ወሬዋን የምትጀምረው። አሁን «እንዴት ዋልሽ?» ስላት «ደህና» ብላ ክፍሏ ትገባለች። ለካምፑ አስተማሪ ግን ሁሉን ትነግራታለች አሉ። ምን ይመክሩኛል? እናት ነኝ፣ ከቱሉ ዲምቱ።

ረስቼው። ትንሹ ከአሁኑ ቦርሳውን አቅፎ ነው የሚተኛው። ልከልክለው ወይስ ልተወው?»

እህቴ፣ እንደምን አለሽ? መልሱን ላስቀድምልሽ። ትሂድ። ረዳት ሆና ትሂድ። ግን እንዲሁ በደፈናው አትላኪያት። ከካምፑ ጋር የምትነጋገሪው ነገር አለ፤ ከባለቤትሽ ጋርም አለ፤ ከልጅቷ ጋር ደግሞ ከሁሉም በላይ።

ደብዳቤሽን ሳነብ «ስንት መተኛት ቀረኝ?» የሚለው ላይ ስደርስ ቆም አልኩ። ልጅ የሚቆጥረው ሌሊት ነው። ለእኔና ለአንቺ «ሐምሌ 8 ይጀመራል» ማለት ይበቃናል፤ ካላንደር እናያለን። ለልጅ ሐምሌ 8 የሚባል ነገር ገና የለም። ያለው ዛሬ ተኝቶ መነሣት፣ ነገ ተኝቶ መነሣት ነው። የእኔ መካከለኛው ልጅ የቀሩትን ሌሊቶች በሽምብራ ቆሎ ቆጥሮ ብርጭቆ ውስጥ ያስቀምጥ ነበር። በየማታው አንዷን ይበላል። አንድ ቀን አላስችል ብሎት ሁለት በላና «እማዬ፣ አንድ ቀን ዘለልኩ!» ብሎ ሲጨፍር ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ።

ይህን ጉጉት እኔ አክብሬ ነው የማየው። ልጅ እንዲህ የሚሆነው የራሴ የሚለው ቦታ ሲያገኝ ነው። ቤት የእናትና የአባት ነው። ትምህርት ቤት ፈተናና ደረጃ ነው። ካምፕ ውስጥ ማንም «ስንተኛ ወጣሽ?» አይላትም። ልጅሽ አራት ክረምት እዚያ ገብታ ወጥታለች። የትኛው ቧንቧ ውኃ እንዳለው ታውቃለች። የትኛው በር ሲከፈት እንደሚጮህ ታውቃለች። የተከለችው ዛፍም እዚያ ቆሟል። «ዕድሜሽ አልፏል» ሲሏት ያለቀሰችው ለምን ይመስልሻል? ካደገችበት ቤት ውጪ ነው የተባለችው።

ክረምቱን ደግሞ አስቢው። ስሙ «ሰመር ካምፕ» ይባል እንጂ የእኛ ልጆች የሚውሉት በዝናብ ነው። ሐምሌና ነሐሴ አዲስ አበባ ላይ ዝናቡ የሚጠነክርባቸው ወራት ናቸው። እናንተ ሰፈር ደግሞ መሬቱ ጥቁር አፈር ነው፤ ጫማ ይዞ ያስቀራል። ትምህርት ቤት ከተዘጋ እስከ መስከረም ድረስ ልጅ የት ይዋል? እናትና አባት ሥራ ይሄዳሉ። አራተኛ ፎቅ ላይ በር ተቆልፎበት ከስልክና ከቴሌቪዥን ጋር መዋል አለ። ወይ ደግሞ ውጪ መውጣት አለ።

ውጪው ላይ የምፈራው ነገር ስላለኝ ለሁሉም አንባቢ ልናገረው። በከተማው ዳር ግንባታ ብዙ ነው። ለመሠረት ተቆፍሮ የተተወ ጉድጓድና ድንጋይ የወጣበት ካባ ክረምት ላይ ውኃ ይሞላል። ከላይ ሲያዩት ከጉልበት የማያልፍ ይመስላል። ዳሩ ግን ቀጥ ብሎ ነው የሚወርደው፤ ጭቃው ያንሸራትታል፤ የገባ ልጅ የሚይዘው ነገር አያገኝም። ወንዙም እንደዚያው ነው። በበጋ ልጆች ድንጋይ በድንጋይ የሚሻገሩት ወንዝ ላይኛው አገር ዘንቦ ከሆነ እናንተ ዘንድ ፀሐይ እያለ ይሞላል። ልጆቻችሁ ካምፕ ገቡም አልገቡ እጃቸውን ይዛችሁ ቦታውን አሳዩዋቸው። «እዚህ አትድረስ» ብላችሁ በጣት ጠቁሙላቸው። ቤት ተቀምጦ «ውኃ አጠገብ እንዳትሄድ» ማለት ብቻውን አይሠራም። ልጅ የትኛውን ውኃ እንዳላችሁት አያውቅም።

ወደ ባለቤትሽ ልምጣ። «የሰው ልጅ ስትጠብቅ ልትከርም ነው?» ያለው አባት ክፉ አይደለም። የልጁ ነገር አሳስቦት ነው። ግን ረዳትነትን አሳንሶ ያየው ይመስለኛል።

እኔ ያደግሁት ኮተቤ ነው። ያኔ ኮተቤ የከተማው ዳር ነበር። ትምህርት ቤት ሲዘጋ እናቴ ከእህቶቼ ጋር ወደ የኔታ ትልከን ነበር። የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ልጆች ደግሞ ቁርኣን ሊቀሩ ይሄዳሉ። ጠዋት አብረን ወጥተን መታጠፊያው ላይ እንለያይና ከሰዓት እዚያው እንገናኛለን። የኔታ የሚያስተምሩበት ቤት ጣሪያው ቆርቆሮ ነበር። ዝናቡ ሲደበድበው የራሳችንን ድምፅ አንሰማም። እኛም በዝናቡ ላይ እየጮህን ፊደል እንቆጥራለን።

የኔታ ያን ሁሉ ልጅ ለብቻቸው አይዙትም ነበር። ዳዊት የጀመረው መልእክተ ዮሐንስ ላይ ያለውን ያስነብባል። መልእክት ላይ የደረሰው አቡጊዳ የሚለውን ይይዛል። አቡጊዳ የጨረሰው ደግሞ ገና ሀሁ ላይ ያለውን። 11 ዓመቴ ላይ አንድ ቀን የኔታ ጠሩኝና «ነይ እስቲ፣ ይህን ልጅ አስቆጥሪው» አሉኝ። አምስት ዓመት የሚሆነው ልጅ ነበር፤ አፍንጫው የሚፈስ። ስንጥር ሰጡኝ። ፊደል ገበታው ላይ እየጠቆምኩ አስቆጥረው ጀመር። «ሐ» ላይ ስንደርስ ቀና ብሎ አየኝና «ሀ ብለን አልነበር እንዴ? ለምን ሁለት ሆነ?» አለኝ።

አላውቅም ነበር። ለሁለት ክረምት ስቆጥረው ስኖር ጠይቄ አላውቅም። ትንሽ ዝም አልኩና «ነገ እነግርሃለሁ» አልኩት። ማታ አባቴን ጠየቅሁት። «አንዱ ሃሌታው ሀ ነው፤ አንዱ ሐመሩ ሐ፤ ሦስተኛም አለልሽ፣ ብዙኃኑ ኀ» ብሎ በየትኛው ቃል ውስጥ የትኛው እንደሚገባ በከሰል መሬት ላይ ጽፎ አሳየኝ። ያን ሌሊት እየደጋገምኩት ነው የተኛሁት። ለፈተና ብዬ አልነበረም፤ የሚጠብቀኝ ልጅ ስለነበረ ነው። ጠዋት ስነግረው አፉን ከፍቶ ነው የሰማኝ። ዛሬ ብዕር የምይዘው ከዚያች ጠዋት ጀምሮ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ስለዚህ ረዳትነት ከውጭ የመጣ ፋሽን እንዳይመስለው ለባለቤትሽ ንገሪው። ታላቅ ታናሹን ሲያስተምር ነው የኖርነው። ሌላም ልንገርሽ። ባለፈው ክረምት የልጅ ልጄን ላመጣ ጎሮ አካባቢ አንድ ካምፕ ሄጄ ነበር። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። በረንዳው ላይ አንድ ትንሽ ልጅ ተቀምጦ ያለቅሳል። ቦት ጫማውን ግራና ቀኝ አዟዙሮ አድርጎታል፤ አንዱ ውስጥ ውኃ ገብቷል። አሥራ አራት ዓመት የሚሆናት ረዳት መጥታ ፊቱ ቁጢጥ አለች። አውልቃ ገለበጠችው፤ ጭቃ ውኃ ፈሰሰ። ካልሲውን ጨምቃ የጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከተተችለት። ጫማውን ልታደርግለት ስትል «እኔ ራሴ» አላት። እጇን መለሰች። ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጠበቀችው። ተረከዙ አልገባ ብሎት ይታገላል። ጣቶቿ ሊያግዙት ሲሉ ይታየኛል፤ ግን አልነካችውም። በመጨረሻ ሲገባለት «በል ሁለተኛውን» ብቻ አለችው። ልቅሶውን የት እንዳደረሰው እንጃ።

ይህን የሚያስተምር ቱቶሪያል አላውቅም።

የ8ኛ ክፍሉ ጉዳይ ግን ቀላል አይደለም፤ በዚህ ባለቤትሽ እውነት አለው። አዲስ አበባ ውስጥ የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ከተማ አቀፍ ፈተና ይወስዳሉ። ይሁንና ፈተናው የሚመጣው የትምህርት ዓመቱ ሲያልቅ ነው። ክረምቱን በሙሉ የ8ኛ ክፍል መጽሐፍ ቀድሞ ማስጨረስ ብዙ ጊዜ የሚያተርፈው መሰልቸት ነው። መስከረም ላይ «ይህን እኮ ተምሬዋለሁ» ብላ ጆሮዋን ትዘጋለች። እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። የ7ኛ ክፍል ካርዷን አውጡ። የቱ ትምህርት ላይ እንደወረደች እዩ። ሒሳብ ከሆነ ደብተሯን ገልጣችሁ የቱ ምዕራፍ ላይ መሳሳት እንደጀመረች ፈልጉ። መቶኛ ሊሆን ይችላል፤ እኩልታ ሊሆን ይችላል። ያንን ብቻ ያዙ። ከካምፕ 9 ሰዓት ትወጣለች። መክሰሷን በልታ፣ ትንሽ ዐርፋ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ከ10፡30 እስከ 11፡30 አንድ ሰዓት ትሥራ። ብሎካችሁ ውስጥ ለዕረፍት የመጣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አይጠፋም፤ አነጋግሩት። ይህንን ውል አባቷ ራሱ ከእሷ ጋር ይዋዋል። «ካምፑን ፈቅጄልሻለሁ፤ ሦስቷን ሰዓት ደግሞ አንቺ ታከብሪልኛለሽ» ይበላት። በ13 ዓመቷ ከአባቷ ጋር ቁጭ ብላ ውል መግባቷ በራሱ ደስ ይላታል።

አሁን ካምፑ። አስተባባሪዋን ልጅሽ በሌለችበት ለብቻዋ አግኚያት።

መጀመሪያ ገንዘቡን አንሺ። ረዳት ነሽ ብሎ ማሠራትና ክፍያ መቀበል አብሮ አይሄድም። ግማሽ ከከፈላችሁ ግማሽ ቀኑ የእሷ መሆን አለበት። ጠዋት ትንንሾቹን ትያዝ፤ ከምሳ በኋላ እሷም እንደ ልጅ ትማር። ሥዕል ይሁን ኮምፒውተር፣ የምትወደውን ትምረጥ። «አይ፣ ሙሉ ቀን እንፈልጋታለን» ካሉ ክፍያው ይቅር፤ ምሳዋንም እነሱ ይቻሉ። ሳታፍሪ ንገሪያቸው። የሚወዷት ከሆነ ይገባቸዋል።

ቀጥሎ ሥራው ምን እንደሆነ ጠይቂ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። ልጅሽ 13 ናት። ሠራተኛ አይደለችም፤ እንደ ሠራተኛም መያዝ የለባትም። ሥዕል ቀለም ታድል፣ ተረት ታንብብ፣ ምሳ ዕቃ ትክፈት፣ ጫማ ታስር። ሃያ ሕፃን ለብቻዋ አይሰጣት። ልጆች ይዛ አስፋልት አታሻግር። ሽንት ቤት አታጽዳ። ወላጅ የዘገየበትን ልጅ ይዛ ግቢው ውስጥ ማምሸትም የእሷ ሥራ አይሁን። ከእሷ ጋር ሁልጊዜ አንድ ትልቅ ሰው ይኑር። አንድ ልጅ ወድቆ ቢፈነከት ተጠያቂዋ እሷ እንዳትሆን ይህን ከአሁኑ ጥርት አድርጊው።

ሽንት ቤቱን ደግሞ ራስሽ ገብተሽ እይ። አንቺም ሴት ነሽ፣ አውቀሽዋል። ልጅሽ 9 ዓመቷ እያለ ያላየሽውን ዘንድሮ ማየት አለብሽ። በሩ ከውስጥ ይቆለፋል? ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ውኃ በማይኖርበት ቀን በርሜል ይሞላሉ? ሞዴስ የሚጣልበት ክዳን ያለው ቆሻሻ ማጠራቀሚያ አለ? ድንገት ቢመጣባት ሳትሳቀቅ የምትነግራት ሴት ማን ናት? ብዙ ልጃገረድ ከምትወደው ቦታ የምትቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ምክንያቱን አትናገርም፤ «ሰለቸኝ» ብላ ትቀራለች። ቦርሳዋ ውስጥ አንድ ሞዴስና ቅያሪ ልብስ በትንሽ ላስቲክ ቋጥረሽ አስቀምጪላት።

ፎቶውንም አትርሺ። አንዳንድ ካምፕ የልጆችን ፎቶና ቪዲዮ ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ ይለጥፋል። ካልወደድሽው «የእኔን ልጆች አትለጥፉ» በይ። ልጅቷንም ጠይቂያት፤ ፊቱ የእሷ ነው። እሷም የሕፃናቱን ፎቶ በስልኳ አንስታ እንዳትልክ ንገሪያት።

«ወንድሟን ትጠብቅ» የሚለውን ግን አልቀበልም። በዚህ አባቷን አጥብቀሽ ተከራከሪው። አራት ክረምት ያደገችበት ቦታ ላይ ቤት ውስጥ ያለውን ሥራ አስከትላችሁ ልትልኳት ነው። እሱ ሲያለቅስ እሷ ትጠራለች። ምሳውን ሲደፋ እሷ ትጠራለች። ጓደኞቿ ፊት ረዳት መሆኗ ይቀርና የእሱ ሞግዚት ትሆናለች። እሱም የሚጎዳው ይበልጣል። ታላቅ እህቱ አጠገቡ ካለች ጓደኛ አያበጅም፤ ቀሚሷን ይዞ ይውላል። እሷ ያገኘችውን ያን «የራሴ» የሚባል ቦታ እሱ ሳያገኘው ይቀራል። አስተባባሪዋን «እሷን ሌላ ምድብ ላይ አድርጉልኝ» በያት። ጠዋት አብረው ይሂዱ፣ ከሰዓት አብረው ይምጡ፤ መሐሉን ይለያዩ። የመጀመሪያው ቀን እሱን አንቺ ወይም አባቱ አድርሱት። ተደብቃችሁ አትጥፉ። «9 ሰዓት እመጣለሁ» ብለሽ ስመሽው ውጪ። ያለቅስ ይሆናል። ያለሽው ሰዓት ላይ በሩ ላይ ከተገኘሽ በሁለተኛው ቀን ይቀንሳል።

አሁን ወደዚያች «ደህና» ልመለስ። ደብዳቤሽ ውስጥ ከሁሉ ያመመሽ እሷ ናት። በአንድ መሥመር አልፈሻታል፤ እኔ ግን ሦስት ጊዜ መለስ ብዬ አነበብኳት።

እህቴ፣ ልጅሽ አልጠላችሽም። 13 ዓመት ላይ ልጅ ከቤት ውጪ የምታዋራው አንድ ትልቅ ሰው ትፈልጋለች። እኛ ስናድግ ይህ ሰው ሞልቶ ነበር። አክስት አለች። ወተት ልናመጣ ስንሄድ የምታስቀምጠን የጎረቤት እትዬ አለች። ለእናቴ ያልነገርኳትን ለእሷ ነግሬያት እናቴ ሳትሰማ ቀርታ አታውቅም፤ ግን በለዘበ አንደበት ነበር የሚደርሳት። ኮንዶሚኒየም ውስጥ በሩ ሁሉ ዝግ ነው። ዘመድም ርቋል። ልጅሽ ያንን ሰው ካምፑ ውስጥ አገኘች። ታመሰግኚያለሽ እንጂ አትከፊም።

የራሴን ስህተት ልንገርሽ። ትልቋ ልጄ በዚህ ዕድሜ ላይ እያለች ለአንዲት አስተማሪዋ ብዙ ነገር ታጫውት ነበር። እኔ ቀናሁ። ሌላ ቃል የለውም፣ ቀናሁ። አስተማሪዋ ዘንድ ሄጄ «ምን ነገረችሽ?» ብዬ አፋጠጥኳት። ልጄ ሰማች። ከዚያ በኋላ ለአስተማሪዋም ለእኔም መናገር አቆመች። እንደገና እስክታዋራኝ ዓመት አልፏል። ስለዚህ ያችን አስተማሪ ተዋወቂያት፤ ማን እንደሆነች እወቂ፤ «ልጄን ስለምትሰሚያት አመሰግናለሁ» በያት። ለደኅንነቷ የሚያሰጋ ነገር ካለ እንድትነግርሽ ብቻ ጠይቂያት። ሌላውን ተዪው።

«እንዴት ዋልሽ?» የሚለውን ጥያቄም በሩ ላይ አትጠይቂ። ደክሟት ነው የምትገባው፤ እርጥብ ናት፤ ርቧታል። ትብላ። ቦት ጫማውን አብራችሁ እጠቡ፤ ወይ ቡና ስትቆዪ አጠገብሽ ትቀመጥ። እጅ ሥራ ላይ ሲሆን አፍ ይፈታል፤ ዓይን ለዓይን መተያየትም የለም። ያኔም ስለ እሷ አትጠይቂያት፤ ስለ ልጆቹ ጠይቂያት። «ትናንት ምሳ አልበላም ያልሽው ልጅ ዛሬ በላ?» በያት። ረዳት ስትሆን የምትነግርሽ ነገር ይኖራታል። ከእናት ለእናት የሚነገር ዓይነት ወሬ ነው። «ምን ላድርገው ብለሽ ነው?» ብላ ምክር ስትጠይቅሽ ትሰሚያለሽ። ያን ቀን ምክሩን አታብዢው። «አንቺ ምን አሰብሽ?» ብለሽ ትንሽ ጠብቂያት።

ስለ ጾሙ አጭር ነገር። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። ሁለቱም ልጆች የሚያስቀድሱ ከሆነ ካምፑ በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ሰዓታቸውን እንዴት እንደሚያደርግ ቀድመሽ ጠይቂ። ሳይበላ የዋለ ልጅ ቴኳንዶ ላይ መቆም የለበትም። ነሐሴ 13 ቡሄ ነው። ልጅሽ ትንንሾቹን «ሆያ ሆዬ» ታስጠናቸው። ወንዶቹ ግጥሙን ሲረሱ ከኋላ ሆና ታስታውሳቸዋለች። ሙልሙል ትንሽ በዛ አድርገሽ ጋግሪ፤ ልጅሽ ይዛቸው ሊመጡብሽ ይችላሉ።

ትንሹ ቦርሳውን አቅፎ ይተኛ፤ አትከልክዪው። ሲተኛ ጠብቀሽ ምሳ ዕቃውን ብቻ አውጪለት። ዳቦ ደብቆበት ከሆነ አልጋው ላይ ጉንዳን ይሰበሰባል።